የአራዳ ሱቆች መዘጋትና መከፈት ታሪክ

በከተማ መካከል ያለ ሱቅ ባዶ ሲሆን ምክንያቱ የገዢ መጥፋት ነው ተብሎ ይታሰባል። በአዲስ አበባ የአራዳ ሠፈር ታሪክ ግን ሌላ ነገር ያስረዳል። የአራዳ ሱቆች በተደጋጋሚ ተዘግተዋል፤ ደግሞም ተከፍተዋል። ይሁን እንጂ ባዶ የሆኑት ገዢ ስለ ጠፋ ሳይሆን፥ ባለ ቤቱን፥ ተከራዩንና ገበያውን አንድ ላይ ያስተሳሰረው ነገር ስለ ተቆረጠ ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ ትልቁ ገበያ የሚቆመው በአራዳ፥ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። እህሉ፥ ቅቤው፥ ከብቱ፥ አሞሌ ጨውና ሸማው እያንዳንዱ በየተራው ተለይቶ ይሸጥ ነበር፤ የንግዱንም ጉዳይ ነጋድራሱ ያስተዳድር ነበር። ሱቅን የወለደው ይህ የአደባባይ ገበያ ነው። የህንድ፥ የአርመንና የግሪክ ነጋዴዎች ወደ ገበያው በሚወስዱት መንገዶች ዳር መደብር ከፈቱ፤ ገበሬውም እህሉን ሸጦ ባገኘው ብር አቡጀዲውን ከዚያው ይገዛ ነበር። ምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ በደረሰ ጊዜ የውጭ አገር ዕቃ በዛ፤ ሱቆቹም አብረው በዙ።

የመጀመሪያው ታላቅ መዘጋት የደረሰው በ1928 ዓ.ም. ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን ከተማዋን ለቀው ከሄዱ በኋላ የኢጣሊያ ጦር ሚያዝያ 27 ቀን እስኪገባ ድረስ የአራዳ ሱቆች ተዘረፉ፤ ብዙዎቹም ተቃጠሉ። ሆኖም እሳት ያጠፋውን ሱቅ ነጋዴ ከተገኘ መልሶ መሥራት ይቻላል። ከዚህ የከፋው ቀጥሎ የመጣው ነው። ወራሪው መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1937 መሐመዳሊ የተባለውን ታላቅ የህንዶች የንግድ ድርጅት ከአገር አስወጣ፤ ከተማዋንም በዘር ለያይቶ ነደፈ። ለኢትዮጵያውያን የተመደበው ገበያ ወደ ምዕራብ ተወሰደ፤ አራዳ ግን ለአውሮፓውያን ተለየ። መርካቶና ፒያሳ የሚባሉት ስሞች ከዚያ ዘመን የቀሩ ናቸው።

ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ ዘር የሚለየው ሕግ ፈረሰ፤ ገበያው ግን ወደ አራዳ አልተመለሰም፥ በመርካቶ ጸና። ስለዚህ አራዳ በንግድ ሁለተኛ ስፍራ ሆነ። በዚህ ጊዜ ሱቆቹ ባዶ ሊቀሩ በተገባ ነበር፤ ነገር ግን አልቀሩም። እህል ሻጩ የተወውን መንገድ ወርቅ ሠሪው፥ ልብስ ሰፊው፥ መጻሕፍት ሻጩ፥ ቡና ቤቱና ሲኒማው ያዙት፤ ገዢውም የመንግሥት ሠራተኛውና ተማሪው ሆነ። አራዳ የዳነው መርካቶን በመፎካከር ሳይሆን መርካቶ የማይሸጠውን በመሸጥ ነው።

በ1967 ዓ.ም. ሐምሌ ወር የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆነው ቤቶች ወደ ቀበሌ፥ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ገቡ። በ1968 ዓ.ም. የወጣውም ዐዋጅ የችርቻሮ ነጋዴን ካፒታል በ200,000 ብር ወሰነው። ከዚህ የተነሣ ያልተለመደ ነገር ታየ፤ ሱቁ አልተዘጋም፥ ግን አላደገም። ኪራዩ ዝቅተኛ ስለሆነ ተከራዩ አይለቅም፤ ገቢው ጥቂት ስለሆነ አከራዩ አይጠግንም። ሰው ያለበት ቤት ባዶ እንደሆነው ቤት አረጀ። ነገር ግን ያው ዝቅተኛ ኪራይ ትንሹን ነጋዴ በከተማው መካከል አቆይቶታል፤ ይህም ሊካድ አይገባም።

በ2016 ዓ.ም. የዐድዋ ድል መታሰቢያ በየካቲት ከተመረቀ በኋላ፥ በኮሪደር ልማት ሥራ በዶሮ ማነቂያና በሠራተኛ ሠፈር የነበሩ አሮጌ ቤቶች ፈረሱ፤ ነዋሪውና ነጋዴው ወደ ሌላ ሠፈር ተዛወረ። የቤቶቹ እርጅና አይካድም። ነገር ግን ነጋዴ ሲዛወር ዕቃውን እንጂ ደንበኛውን ይዞ አይሄድም፤ በዱቤ የሚሰጠውና የሚቀበለው፥ ጎረቤት ሱቅ ሲጎድልበት የሚያበድረው፥ ይህ ሁሉ በቦታው ላይ የተመሠረተ ነው።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ ባዶ ሱቅን የሚሞላው የሕንፃ ማማር ብቻ አይደለም። ከ1933 ዓ.ም. በኋላ አራዳን ያስነሡት ቀድሞ የተሠሩ ቤቶች፥ ነጋዴው ሊከፍለው የሚችል ኪራይና በእግሩ የሚመጣ ገዢ ባንድነት ነበሩ። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል መንገዱ ቢያምርም ሱቁ ተቈልፎ ይኖራል።