የቤንጋል ሸክላ ሠሪዎችና የዱርጋ በዓል

በህንድ አገር በስተምሥራቅ፥ የጋንጅስ ወንዝ በብዙ ቅርንጫፍ ተከፋፍሎ ወደ ባሕር በሚገባበት ለም ምድር፥ ቤንጋል የሚባል አገር አለ። በ1947 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ለሁለት ተከፍሎ ምዕራቡ ለህንድ፥ ምሥራቁ ለፓኪስታን ደረሰ፤ ምሥራቁም በ1971 ዓ.ም. ባንግላዴሽ የተባለ ራሱን የቻለ መንግሥት ሆነ። አገሩ ወንዝ ያመጣው ደለል ስለ ሆነ ድንጋይ እንደ ልብ አይገኝበትም። ስለዚህ የቤንጋል ጥበበኛ ከጥንት ጀምሮ እጁን ያስለመደው በጭቃ ነው። በቢሽኑፑር ከተማ የማላ ነገሥታት በ17ኛው መቶ ዓመት ያሠሯቸው ቤተ መቅደሶች እንኳ ግድግዳቸው በምስል በተቀረጸ ሸክላ የተሸፈነ ነው።

የዚህ ሕዝብ ታላቅ በዓል በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት፥ ዝናሙ ሲያባራ የሚውለው የዱርጋ በዓል ነው። መነሻው የሆነው አፈ ታሪክ እንዲህ ይላል። ማሂሻሱራ የሚባል የጎሽ መልክ ያለው ጋኔን በብዙ ተጋድሎ ደጅ ጠንቶ፥ ወንድ የሆነ ሁሉ እንዳይገድለው ብራህማ ከተባለው አምላክ ቃል ኪዳን ተቀበለ። ሴትን ከቁም ነገር ስላልቈጠራት በቃል ኪዳኑ ውስጥ አላስገባትም። ከዚያ በኋላ አማልክቱን ድል ነሥቶ ከሰማይ አሳደዳቸው። እነርሱም ተሰብስበው ቢቈጡ ከቍጣቸው የወጣው ብርሃን ተጠራቅሞ አንዲት ሴት ሆነ፤ ይህችውም ዱርጋ ናት። ሺቫ ሦስት ጫፍ ያለውን ጦሩን፥ ቪሽኑ ስለታም የሆነውን ክብ መሣሪያውን፥ ኢንድራ መብረቁን፥ የሂማላያ ተራራም አንበሳ ሰጧት። እርሷም ጎሹን ወግታ ገደለችው። የጦርነቱ ታሪክ ዴቪ ማሃትምያ በተባለው የሳንስክሪት መጽሐፍ ተጽፎ ይገኛል።

ይህ በህንድ ሁሉ የታወቀ ነው። ቤንጋሎች የጨመሩበት ግን እኛን ይበልጥ ያስደንቀናል። ለእነርሱ ዱርጋ ጦረኛ ብቻ ሳትሆን፥ ሩቅ አገር ተድራ በዓመት አንድ ጊዜ ልጆቿን አስከትላ እናት አባቷን ልትጠይቅ የምትመጣ የቤት ልጅ ናት። ባሏ ሺቫ በካይላስ ተራራ የሚኖር፥ ገላውን አመድ የሚቀባ ድኻ ባሕታዊ ነው። እናቲቱም ሜናካ፥ ልጄ ምን ትበላለች፥ ምን ትለብሳለች እያለች ትጨነቃለች። ስለ መምጣቷና ስለ መመለሷ የሚዘፈኑት ዘፈኖች በ18ኛው መቶ ዓመት እንደ ራምፕራሳድ ሴን ባሉ ባለ ቅኔዎች አፍ በዝተዋል። በዚያ ዘመን ገና በልጅነታቸው የሚዳሩ ሴቶች ብዙ ነበሩና፥ ዘፈኑን እየሰሙ ያለቀሱት እናቶች ያለቀሱት ለአምላካቸው ብቻ ነበር ለማለት አንደፍርም።

በዓሉ በዚህ ወራት የሆነበትንም ምክንያት በ15ኛው መቶ ዓመት ራማያናን ወደ ቤንጋልኛ የመለሰው ክሪቲባስ ይነግረናል። ራማ ከጠላቱ ከራቫና ጋር ከመዋጋቱ በፊት ለዱርጋ 108 ሰማያዊ የሎተስ አበቦች ሊያቀርብ ቢቈጥር አንዱን አጣው። ዐይኑ በሎተስ ይመሰል ነበርና አውጥቶ ሊሰጣት ፍላጻውን ባነሣ ጊዜ፥ አበባውን የሰወረችው እርሷ ራሷ ተገልጣ ከለከለችው።

የአገራችን አንባቢ ሊያውቀው የሚገባ ነገር ስላለ እግረ መንገዳችንን እናንሣው። በዚያው በ15ኛው መቶ ዓመት የቤንጋል ሱልጣን ባርባክ ሻህ ከምሥራቅ አፍሪቃ በባርነት የተወሰዱ ብዙ ሐበሾችን ለዘበኝነትና ለሹመት አብቅቶ ነበር። እነዚህ እስላሞች ሐበሾች እየበረቱ ሄደው ከ1487 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት ራሳቸው በቤንጋል ነገሡ። በጋውር ከተማ የቆመው ባለ አምስት ደርብ ግንብ ፊሮዝ ሚናር ከእነርሱ አንዱ ሰይፉዲን ፊሮዝ ሻህ ያሠራው እንደ ሆነ ይነገራል።

አሁን ወደ ጭቃው እንመለስ። በኮልካታ ከተማ በስተሰሜን ኩማርቱሊ የሚባል የሸክላ ሠሪዎች ሰፈር አለ። ምስሉ የሚሠራው በዚህ ነው። በመጀመሪያ አጥንቱ ከቀርከሃ ይታሰራል፤ ሥጋው በሩዝ ገለባ ይጠቀለላል፤ በላዩም ከሁግሊ ወንዝ የመጣ ጭቃ ይለጠፋል። ሲደርቅ የሚሰነጠቀው በጨርቅና በቀጭን ጭቃ ይደፈናል። እንደ እንስራ በእሳት አይተኰስም። ከዚያ ነጭ ይቀባል፤ ቀለም ይገባበታል፤ ዐይኗ ግን እንደ ልማዱ እስከ መጨረሻው ሳይሣል ይቈይና፥ ማሃላያ በሚባለው ቀን ከሠራተኞቹ አዋቂ የሆነው ይሥለዋል። ከጭቃው ጋር ከሴተኛ አዳሪ ደጅ የተወሰደ ዐፈር እንዲጨመር ሥርዐቱ ያዛል። ሰው ወደዚያ ቤት ሲገባ በጎነቱን በደጅ ጥሎ ስለሚገባ ዐፈሩ የተቀደሰ ነው ብለው የሚተረጕሙ አሉ። ትርጓሜው ብልኀት አለው፤ ዳሩ ግን ዐፈሯ እየተለመነ ሲወሰድ ሴቲቱ ራሷ ከበዓሉ ስትገፋ መኖሯን ልብ ሳንል አናልፍም።

በዓሉ ለረጅም ጊዜ የባለጠጎች ነበር። በ1757 ዓ.ም. እንግሊዞች በፕላሲ የቤንጋሉን ገዥ ሲራጅ ኡድ ዳውላን ድል ባደረጉበት ዓመት፥ ናባክሪሽና ዴብ በሾባባዛር ቤቱ ታላቅ ድግስ ደግሶ ድል አድራጊውን ክላይቭን ጋበዘ ይባላል። አገር በተሸነፈበት ዓመት እንዲህ ያለ ደስታ ማድረግ ለእኛ ጆሮ ይከብዳል። በኋላ ግን በጉፕቲፓራ መንደር ዐሥራ ሁለት ባልንጀሮች ገንዘብ አዋጥተው የራሳቸውን በዓል አደረጉ፤ በማኅበር የሚደረግ በዓል እስከ ዛሬ ባሮዋሪ፥ ይኸውም የዐሥራ ሁለት ወዳጆች፥ የሚባለው በዚህ ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት ደግሞ የሰፈር ሕዝብ ሁሉ የሚያዋጣበት በዓል ተስፋፋ። ዩኔስኮም በ2021 ዓ.ም. የኮልካታን የዱርጋ በዓል በሰው ልጅ የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት መዝግቦታል።

በካሊጋት ቤተ መቅደስ አጠገብ በወረቀት ላይ የአማልክትን ሥዕል በርካሽ ይሸጡ የነበሩት ሠዓሊዎች ዕድል ግን እንዲህ አላማረም። አማልክቱን ብቻ ሳይሆን ሚስቱ የምትገዛውን ዘመናዊ ባል እየሣሉ ከተማውን ያስቁ ነበር፤ በመኪና የታተመ ሥዕል ገበያውን ሲወስድባቸው ጊዜ ሙያቸው ጠፋ። በእንግሊዞች ትምህርት ቤት የአውሮፓን አሣሣል የተማረው ጃሚኒ ሮይ (1887–1972) ያንን ትቶ፥ የእነርሱን ወፍራም መስመርና አገር በቀል ቀለም በሥራው ቢያስነሣ በዓለም ታወቀበት። እነርሱ በሳንቲም የሸጡት ሥዕል ዛሬ ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይጠበቃል።

የኩማርቱሊን ሥራ ግን ማንም ሊያኖረው አይችልም። በዐሥረኛው ቀን ባል ያላቸው ሴቶች የዱርጋን ግንባርና የእርስ በርሳቸውን ፊት በቀይ ዱቄት ይቀባሉ፤ ከበሮው ይመታል፤ ምስሉም በሰው ትከሻና በመኪና ተጭኖ ወደ ሁግሊ ወርዶ ይጣላል። ጭቃው ይሟሟል። ወንዙ እንዳይበከል በዘመናችን ቀርከሃውና ገለባው ቶሎ ይወጣል፤ ያልተሰበረውም እንደ ገና ለሥራ ይውላል። በሚመጣው ሰኔ ወይም ሐምሌ፥ የሠረገላ በዓል በሚከበርበት ቀን፥ ሸክላ ሠሪዎቹ የአዲሱን ዓመት ቀርከሃ ጸሎት አድርሰው ማሰር ይጀምራሉ።