ሰዎች እምነታቸውን ለምን ይይዛሉ? ለምንስ ይተዋሉ?

አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ አንዲት እናት ለብቻዬ ሊያነጋግሩኝ ቀረቡ። «ፓስተር፣ ልጄ ከእንግዲህ ቸርች አልሄድም ብሎኛል። በጌታ ቤት ያሳደግሁት ልጅ ነው። ምን አጥፍቼ ነው?» አሉኝ። ይህን ጥያቄ በተለያየ መልክ ያልሰማ አገልጋይ ያለ አይመስለኝም። ብዙ ጊዜ የምንሰጠው መልስ አጭር ነው፦ «ዓለም ወሰደው»፣ «ድሮም አልዳነም ነበር»፣ «ብቻ ይጸልዩለት»። በእነዚህ መልሶች ውስጥ እውነት ሊኖር ይችላል። ነገር ግን መልሳችን ሰውዬው ለምን እንደ ሄደ ከመጠየቅ የሚያሳርፈን ከሆነ፣ ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል።

በዚህ ጽሑፍ ሰዎች እምነታቸውን የሚይዙበትንና የሚተዉበትን ምክንያት ከመጽሐፍ ቅዱስ፣ ከአገራችን የወንጌል ታሪክና ከተደረጉ ጥናቶች እንመለከታለን። አስቀድመን ግን ሦስት ነገሮችን እንለይ። የሚጠራጠር ሰው እያመነ የሚጠይቅ ነው፤ ልጁ እንዲፈወስለት ወደ ጌታ የመጣው አባት እምነቱንም አለማመኑንም በአንድነት ተናግሯል (ማር. 9፥24)። ወደ ኋላ የተመለሰ ሰው እምነቱን ሳይክድ ከኅብረትና ከቅድስና የራቀ ነው። የካደ ሰው ደግሞ አስቦና አውቆ የተወ ነው። ሦስቱን በአንድ ስም ስንጠራ የሚጠራጠረውን ወደ ክህደት ልንገፋው እንችላለን። የዳነ ሰው ድነቱን ያጣል ወይስ አያጣም የሚለው ክርክር ሌላ ጽሑፍ ስለሚያስፈልገው እዚህ አንገባበትም።

ጥያቄው ከጌታ ዘመን ጀምሮ ነበረ

ጌታ ስለ ሕይወት እንጀራ ባስተማረ ጊዜ ብዙ ደቀ መዛሙርት ንግግሩ ከበዳቸውና ትተውት ሄዱ (ዮሐ. 6፥60-66)። አሥራ ሁለቱን እነርሱም መሄድ ይፈልጉ እንደ ሆነ በጠየቃቸው ጊዜ ጴጥሮስ ትምህርቱ ገብቶናል አላለም። ከእርሱ በቀር የሚሄዱበት እንደሌላቸውና የሕይወት ቃል በእርሱ ዘንድ እንዳለ ተናገረ (6፥68)። ልብ እንበል! የሄዱትም የቀሩትም የሰሙት አንድ ትምህርት ነው። ንግግሩ ለሁሉም ከባድ ነበር። የለያያቸው ጥያቄውን ይዘው ወደ ማን እንደ ሄዱ ነው።

ጌታ በዘሪው ምሳሌም ቃሉን ሰምተው ስለማይጸኑት ሦስት ምክንያት ሰጥቷል (ማቴ. 13፥18-22)። አንዱ ቃሉን አላስተዋለውም፤ ሌላው በደስታ ቢቀበልም ሥር ስለሌለው በመከራ ጊዜ ይሰናከላል፤ ሦስተኛውን የኑሮ አሳብና የባለጠግነት ማታለል ያንቀዋል። የጳውሎስ የአገልግሎት ባልደረባ የነበረው ዴማስም (ቆላ. 4፥14) የአሁኑን ዓለም ወድዶ ሐዋርያውን ትቶት ሄዷል (2ጢሞ. 4፥10)። ከኢያሱ ዘመን ሰዎች በኋላ ደግሞ እግዚአብሔርንና ሥራውን የማያውቅ ትውልድ እንደ ተነሣ ተጽፏል (መሳ. 2፥10)። በእግዚአብሔር ሕዝብ ታሪክ እምነትን አለማስተላለፍ የቆየ ድክመት ነው።

ቁጥሮች ምን ይላሉ?

በአሜሪካ ፒው የተባለው የጥናት ማእከል እ.ኤ.አ. በ2007 ባደረገው ሰፊ ጥናት ከየትኛውም ሃይማኖት ጋር ራሳቸውን የማያያይዙ አዋቂዎች 16 በመቶ ነበሩ። በ2023 እና 2024 በተደረገው ተመሳሳይ ጥናት 29 በመቶ ሆነዋል። ክርስቲያን ነን የሚሉት ከ78 በመቶ ወደ 62 በመቶ ወርደዋል፤ ሆኖም ከ2019 ገደማ ወዲህ ቁልቁለቱ ረገብ ብሏል። በዚያ አገር ያሉት የኢትዮጵያውያን አብያተ ክርስቲያናት ልጆች የሚያድጉት በዚህ አየር ውስጥ ነው።

በኢትዮጵያ ግን የሕዝብ ቆጠራዎቹ የሚያሳዩት ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ፕሮቴስታንቶች 5.5 በመቶ፣ በ1994 10.2 በመቶ፣ በ2007 18.6 በመቶ ነበሩ። ስለዚህ እግዚአብሔርን እናመሰግናለን። ነገር ግን ይህ ቁጥር የሚያዘናጋ ገጽታም አለው። በየአጥቢያችን የተጠመቁ ሰዎች የሚመዘገቡበት መዝገብ አለ፤ ቀስ ብለው የወጡ ሰዎች የሚመዘገቡበት ግን ምን ያህሎቻችን አለን? በፊተኛው በር የሚገባው ብዙ ሲሆን በኋላው በር የሚወጣው አይታይም።

ሰዎች እምነታቸውን ለምን ይተዋሉ?

1. እምነቱ የራሳቸው ስላልሆነ። ወላጆቻችን ጌታን የተቀበሉት ዋጋ ከፍለው ነው፤ ከዘመድ ተለይተው፣ «ጴንጤ» ተብለው ተሰድበው፣ አንዳንዶቹም ታስረው። ልጆቻቸው ግን በመዘምራን ልብስ ውስጥ ተወለዱ ማለት ይቻላል። መዝሙሩን ያውቃሉ፤ ጌታን ግን በራሳቸው ላያውቁት ይችላሉ። በውጭ አገር ደግሞ ልጁ በማያውቀው ቋንቋ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስብከት ይሰማል። ጌታ ያላስተዋለ ሰው ያለው እንዲህ ያለውንም ይጨምራል።

2. ጥያቄያቸው መልስ ስላጣ። እዚህ ላይ የራሴን በደል መናገር አለብኝ። ከዓመታት በፊት አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወንጌላት ሳይለወጡ ለመድረሳቸው ምን ማስረጃ እንዳለን ጠየቀኝ። በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ የተማርሁት ጉዳይ ነበር። ነገር ግን ለስብሰባ እየቸኮልሁ ስለ ነበር «እምነት አይመረመርም፤ ጸልይ» አልሁት። ሁለት እሑድ መጣ፤ ከዚያ ቀረ። በኋላ ፈልጌ ባገኘሁት ጊዜ «መልሱን ባታውቀው ኖሮ ግድ አልነበረኝም። ጥያቄውን ስትሸሸው ግን መልስ የሌለው መሰለኝ» አለኝ። ለሚጠይቀን ሁሉ መልስ ለመስጠት የተዘጋጀን እንድንሆን ታዝዘናል (1ጴጥ. 3፥15)። እኔ ግን መልሱን ይዤ ነፍሱን ሸኘሁ።

3. በቤተ ክርስቲያን ስለ ቆሰሉ። የመሪዎች ጠብ፣ የገንዘብ ብልሹነት፣ በአገልጋይ የተፈጸመ ነውርና የነውሩ መሸፋፈን ብዙዎችን አስወጥቷል። ጌታ በእርሱ ከሚያምኑ ታናናሾች አንዱን የሚያሰናክል ሰው ስለሚጠብቀው ፍርድ የተናገረው ቃል እጅግ ጠንካራ ነው (ማቴ. 18፥6)። ቆስሎ የሄደውን ሰው «ሰውን አትይ፣ ጌታን እይ» ማለት ትክክል ነው፤ ንስሐችንን የሚተካ ሲሆን ግን ማምለጫ ይሆናል።

4. እግዚአብሔር ያልሰጠው ተስፋ ስለ ተሰጣቸው። «በዚህ ዓመት ቪዛህ ይመጣል»፣ «ከዚህ ሕመም አትሞትም» ተብሎ በጌታ ስም የተነገረው ነገር ሳይፈጸም ሲቀር፣ ሰው የሚያዝነው በነቢዩ ብቻ አይደለም፤ በእግዚአብሔርም ላይ ነው። ትንቢቱ ሲወድቅ የእምነት ማነስ ተብሎ በታማሚው ላይ ሲላከክ ደግሞ በቁስል ላይ ቁስል ነው።

5. ቀስ በቀስ ስለ ራቁ። ይህ ድምፅ የሌለው መንገድ ነው። የዕብራውያን ጸሐፊ ከሰማነው ነገር እንዳንወሰድ ያስጠነቅቃል (ዕብ. 2፥1)። ሰውዬው አንድ ቀን ተነሥቶ «አላምንም» አይልም። የሥራ ሰዓቱ እሑድ ላይ ይውላል፣ ቤት ይቀይራል፣ የሚደውልለት ያጣል። በሳዑዲ ዓረቢያ በአደባባይ የክርስቲያን አምልኮ ማካሄድ ክልክል ነው። በዚያ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እኅት ከጉባኤ ርቃ ለዓመታት ልትቆይ ትችላለች። በዚያ ጊዜ ከላከቻት አጥቢያ ስንት ጊዜ ተደውሎላታል?

ሰዎች እምነታቸውን ለምን ይይዛሉ?

የአገራችን ታሪክ በዚህ ረገድ ትልቅ ምስክር ነው። የኤስ አይ ኤም ሚሲዮናውያን ወደ ወላይታና አካባቢው የደረሱት እ.ኤ.አ. በ1928 ነበር። በኢጣሊያ ወረራ ምክንያት በ1937 ወላይታን ለቅቀው ሲወጡ ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች 48 ብቻ ነበሩ። በወላይትኛ ያላቸው የእግዚአብሔር ቃል ከማርቆስ ወንጌልና ከጥቂት ክፍሎች አያልፍም። እንደ ዋንዳሮ ዳባሮ ያሉ መሪዎች ታሰሩ፤ ተገረፉ። ከነጻነት በኋላ ግን የአማኞቹ ቁጥር 10,000 ያህል ሆኖ ተገኘ።

በደርግ ዘመንም ተመሳሳይ ነገር ታየ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከአገር የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው ሳለ መንጋቸውን ትተው ለመሄድ አልፈቀዱም፤ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1979 ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በጥር 1982 ስትዘጋ አባላቷ 5,000 ያህል ነበሩ። ሕንፃዎቿ ተወረሱ፤ መሪዎቿ ታሰሩ። ምእመናኑ በትናንሽ ቡድን ሆነው በየቤቱ ይገናኙ ጀመር፤ በማስተማርና በማስተባበር የሴቶች ድርሻ ከፍ ያለ ነበር። በ1991 ደርግ ሲወድቅ አባላቷ 34,000 ያህል ሆነው ነበር።

ከዚህ ታሪክ «ስደት ቢመጣ ይሻለናል» የሚል ትምህርት ልንወስድ አንችልም። በዚያው ዘመን በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማሩ ወጣቶች ሳይቀሩ እምነታቸውን በማርክሲዝም ለውጠዋል፤ ስደት ሥር የሌለውን እንደሚያደርቅ ጌታም ተናግሯል። ልናየው የሚገባን በየቤቱ የነበረውን አሠራር ነው። በትንሽ ቡድን ውስጥ የማይታወቅ ሰው አልነበረም፤ የቀረ ሰው በዚያው ሳምንት ይፈለጋል። ያልገባው ይጠይቃል። የሚያስተምረውም ሰው ለሚያስተምረው ነገር ምን እንደሚከፍል ሁሉም ያያል።

ጥናቶችም ወደዚሁ ይጠቁማሉ። ቨርን ቤንግትሰን የተባለው አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ከ350 የሚበልጡ ቤተሰቦችን ለ35 ዓመታት ያህል ተከታትሎ ውጤቱን በ2013 በመጽሐፍ አውጥቷል። ወላጆች ሃይማኖተኛና ምሳሌ መሆናቸው ብቻ በቂ ሆኖ አላገኘውም፤ ከልጁ ጋር ያላቸው የፍቅር ቅርበት፣ በተለይም የአባት ቅርበት፣ እምነት ወደ ልጅ እንዲተላለፍ ትልቅ ድርሻ አለው። ጳውሎስም ጢሞቴዎስን በተማረው እንዲጸና ሲመክረው ከማን እንደ ተማረው ያስታውሰዋል (2ጢሞ. 3፥14)። የአያቱና የእናቱም ስም በዚያው መልእክት ተጽፏል (2ጢሞ. 1፥5)።

የሁለት ጓደኛሞች ታሪክ

ይህ ሁሉ ግን የሂሳብ ቀመር አይደለም። በ1940ዎቹ ቻርለስ ቴምፕልተንና ቢሊ ግራሃም የወንጌል ባልደረቦች ነበሩ፤ አብረው ብዙ ሕዝብ ሰብከዋል። ሁለቱም ስለ መጽሐፍ ቅዱስ ተመሳሳይ ጥያቄ ገጠማቸው። ግራሃም በ1949 በካሊፎርኒያ ተራሮች ላይ ጥያቄዎቹን ይዞ በጸሎት ወደ እግዚአብሔር ቀርቦ ቃሉን በእምነት ለመቀበል ወሰነ። ቴምፕልተን በ1957 አገልግሎቱን ለቀቀ፤ በ1996 ለእግዚአብሔር የስንብት መጽሐፍ አሳተመ፤ በ2001 ዐረፈ። አንዱ አሳቢ ሌላው ያለ አሳብ የሚያምን ነበር ብሎ መደምደም ሁለቱንም መበደል ነው። የሰውን ልብ ጠልቆ የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው። ጴጥሮስ የወደቀው ከሁሉ በተሻለች ኅብረት ውስጥ ሆኖ ነው፤ የተመለሰውም ጌታ ስለ ማለደለት ነው (ሉቃ. 22፥31-32)። እምነታችንን የምንይዘው እርሱ ስለ ያዘን ነው።

ምን እናድርግ?

- ጥያቄን ኃጢአት አናድርገው። ቶማስ አላምንም ካለ በኋላ ስምንት ቀን ከደቀ መዛሙርት ጋር ነበር (ዮሐ. 20፥24-26)። አላባረሩትም፤ ጌታም በዚያው ቤት አገኘው። ይሁዳም ለሚጠራጠሩት እንድንምር ያዛል (ይሁዳ 22)።
- የቀሩትን በስም እንፈልጋቸው። ለቀረ ሰው የምንደውለው አስተዋጽኦው ስለ ጎደለ ሳይሆን ናፍቀነው ይሁን።
- ለበደልናቸው ይቅርታ እንጠይቅ። ነውርን መግለጥ የጌታን ስም አያሰድብም፤ የሚያሰድበው መሸፈኑ ነው።
- ጌታ ያልተናገረውን በስሙ አንናገር።
- አባቶች ከልጆቻችን ጋር ጊዜ እንውሰድ። ጸሎታችንን ብቻ ሳይሆን ትግላችንንም ይስሙ።

ማጠቃለያ

ለእኚያ እናት የመለስሁላቸው እንዲህ ነበር። «ምናልባት ያጠፉት ነገር ይኖር ይሆናል፤ ምናልባትም የለም። አዳም የበደለው ከእግዚአብሔር ጋር በኖረበት ገነት ውስጥ ነው። አሁን ግን ቤትዎ ልጅዎ የሚከሰስበት ቦታ አይሁን። ምን እንደ ሆነ ይጠይቁት፤ ሲነግርዎ ሳይመልሱ ጨርሰው ይስሙት»። ልጃቸው እስካሁን ወደ ጉባኤ አልተመለሰም። ነገር ግን ለእናቱ ይናገራል፤ አንድ ቀንም ከእኔ ጋር ቡና ጠጥቷል። ጠፍቶ የነበረው ልጅ ወደ ቤቱ ለመመለስ ሲነሣ ያሰበው የአባቱን ቤት ነው (ሉቃ. 15፥17-18)። ለመመለስ ያሰበ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው እንዲህ ያለ ቤት እንዲኖረው ጌታ ይርዳን።