የጉቢዮ ወርቅ የማን ነው?

ጣሊያን ውስጥ የሥዕል ሸክላ ከተነሣ ፋኤንዛ፣ ደሩታና ኡርቢኖ ቀድመው ይጠራሉ። ሙያው ማዮሊካ ይባላል። ሸክላው አንድ ጊዜ ይቃጠልና ቆርቆሮ በተቀላቀለበት ነጭ ልባጥ ይነከራል፤ ከዚያ ሥዕል ተሥሎበት እንደገና እቶን ይገባል። ደረቁ ልባጥ ቀለሙን ወዲያው ስለሚጠጣው የተሳሳተ መስመር አይታረምም። እስከዚህ ድረስ የሁሉም ከተማ ሙያ ነው። በኡምብሪያ ተራራ ሥር ያለችውን ጉቢዮን ለብቻዋ ያስጠራት ማስትሮ ጆርጆ አንድሬዮሊ ነው።

ጆርጆ ለጉቢዮ መጤ ነበር። ከወንድሞቹ ከሳሊምቤኔና ከጆቫኒ ጋር ከሰሜን ጣሊያን መጥቶ ነው የሰፈረው። እ.ኤ.አ. በ1498 የኡርቢኖው መስፍን ጉይዶባልዶ ለሦስቱም የከተማዋን ዜግነት ሰጣቸው። በ1519 ደግሞ የሮማው ጳጳስ ሊዮ 10ኛ ጆርጆን ከግብር ነፃ አደረጉት። ለሸክላ ሠሪ ይህን ያህል?

ነገሩ ያለው ሦስተኛው እሳት ላይ ነው። ተሥሎና ተጋግሮ ያለቀው ሳህን ላይ የብርና የመዳብ ውህድ ይቀባና አነስ ባለ እቶን፣ በለዘብተኛ ሙቀት፣ አየር እየተነፈገ በጭስ ይታፈናል። ሲወጣ ከምድጃ እንደወረደ ጀበና ጥላሸት ለብሶ ነው። ጥላሸቱ ታሽቶ ሲነሣ ግን ከብሩ ወርቃማ፣ ከመዳቡ የቀይ ዕንቁ ጸዳል ብቅ ይላል። ይህ ከቀናው ነው። በ1550ዎቹ የሸክላ ሥራን በሦስት መጻሕፍት የጻፈው የካስቴልዱራንቴው ቺፕሪያኖ ፒኮልፓሶ እንደሚለው፣ አንዳንዴ ከ100 ዕቃ ስድስቱ ቢተርፍ ነው።

ክርክሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሳህኖቹ በጆርጆ ስም ስለሚጠሩ ብዙዎች ሰውዬውን ታላቅ ሠዓሊ አድርገው ኖረዋል። እኔን የሚያሳምነኝ ግን የሳህኖቹ ጀርባ ነው። በ1530ዎቹ ኡርቢኖ ውስጥ ይሠራ የነበረው ፍራንቼስኮ ዛንቶ አቬሊ በሣላቸው አንዳንድ ሳህኖች ጀርባ ላይ የራሱ ፊርማ በሰማያዊ ተጽፏል፤ እዚያው ደግሞ የጉቢዮ ምልክት በዚያ አብረቅራቂ ቀለም ተጨምሯል። ሰማያዊው ከሥዕሉ ጋር በሁለተኛው እሳት ያለፈ ነው። አብረቅራቂው ግን የመጣው በሦስተኛው ነው። ሳህኑ ኡርቢኖ ተሥሎ፣ ጸዳሉን ሊያገኝ ጉቢዮ ተልኳል ማለት ነው። የጆርጆ ስምም ብዙውን ጊዜ የተጻፈው በዚሁ በአብረቅራቂው ቀለም ነው፤ ስለዚህ ሊመሰክር የሚችለው ስለ መጨረሻው እሳት ብቻ ነው። ብሩሹን ማን እንደያዘ ከዚያ አይገኝም። ለእኔ ጆርጆ የእሳቱ ጌታና የሥራ ቤቱ አለቃ ነው፤ ሥዕሉን ሌሎች ሥለውታል። ይህ ያሳንሰዋል የሚል ካለ የፒኮልፓሶን ስድስት ዕቃ ያስታውስ።

ጸዳሉን ማን ጀመረው የሚለውም ሌላ ጭቅጭቅ ነው። የ18ኛው ክፍለ ዘመን ጸሐፊ ፓሴሪ ክብሩን ለፔዛሮ ሰጥቶ ነበር፤ እሱ ራሱ የፔዛሮ ሰው መሆኑን ልብ ይሏል። የኋላ ተመራማሪዎች ለፔዛሮ የተቆጠሩትን ባለ ጸዳል ዕቃዎች ለደሩታ መልሰዋል።

ከጆርጆ በኋላ ልጁ ቪንቼንዞ፣ በቁልምጫው ማስትሮ ቼንቾ፣ ሥራውን ቀጠለ። ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ ይሳሳል። ጥበቡ ጠፋ፤ ጉቢዮም ተራ ሸክላ ሠሪ ከተማ ሆነች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጥንታዊ ሳህን በውድ መሸጥ ሲጀምር ነው ጸዳሉ እዚያው ጉቢዮ ውስጥ እንደገና የተሞከረውና የተሳካው። የጆርጆ ሥራዎች ግን ብዙዎቹ ለንደን፣ ፓሪስና ኒው ዮርክ ሙዚየሞች ገብተዋል።

ዛሬም ከተማዋ ሸክላ ትሠራለች። ሸክላው በበዓሏም አይቀርም፤ በየዓመቱ ሜይ 15 በቅዱስ ኡባልዶ በዓል ዋዜማ ሦስት ግዙፍ የእንጨት ማማዎች በትከሻ ተይዘው ወደ ተራራው ይሮጣሉ። ማማዎቹ አደባባይ ላይ ከመቆማቸው በፊት በየአንዳንዳቸው መሠረት ላይ ከቀለም ሸክላ ማሰሮ ውኃ ይፈስና ማሰሮው ሕዝቡ መሃል ይወረወራል። ስባሪው ዕድል ያመጣል ስለሚባል ሰዉ ይራኮትበታል።