ጥንድ ራም፦ ገበያው ያሸነፈበት ታሪክ

ጉዱማሌ ሲባል ቀድሞ የሚታወሰው ፍቼ ጫምባላላ ነው። ዩኔስኮ በ2015 እ.ኤ.አ. በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው የሲዳማ ዘመን መለወጫ በሐዋሳ በዚህ ስፍራ ይከበራል። በዓሉ ሲያልፍ ተማሪው ወደ መመረቂያ ጽሑፉ፣ ጸሐፊዋ ወደ ደብዳቤዋ፣ ፎቶ ቤቱም ወደ ምስሉ ይመለሳል። የሁሉም ስሞታ ግን አንድ ነው፦ «ኮምፒውተሩ ተንቀራፈፈ»። መልሱም አንድ ነው፦ «ራም ጨምርበት»። የትኛውን ራም? ጥያቄው የራሱ ታሪክ አለው።

በ1993 እ.ኤ.አ. ፔንቲየም ሲወጣ ፕሮሰሰሩ በአንድ ጊዜ የሚቀበለው 64 ቢት ነበር። የዘመኑ ባለ 72 እግር ራም ግን የሚያቀብለው 32 ቢት ብቻ ነው። ስለዚህ በአብዛኞቹ ማዘርቦርዶች ላይ ራም በጥንድ ካልተሰካ ኮምፒውተሩ አይነሳም ነበር። ኋላ ባለ 168 እግሩ መጣና ብቻውን 64 ቢት ስላቀበለ ጥንድነት ተረሳ።

ፕሮሰሰሩ እየፈጠነ ሲሄድ ግን ራሙ ወደ ኋላ ቀረ። ኢንቴል በ2000 ፔንቲየም 4ን ያወጣው ራምበስ ከተባለው ኩባንያ ራም ጋር አጣምሮ ነበር። ፍጥነቱ ጥሩ፣ ዋጋው ግን የማይቀመስ ነበር። በጥንድ መግዛት ግዴታ፤ ባዶ የቀረውን ማስገቢያ በማሟያ ካርድ መድፈንም ግዴታ። ገበያው ፊቱን አዞረበት፤ ርካሹ ዲዲአር አሸነፈ። ኤንቪዲያ በ2001 ሁለት የዲዲአር መስመር ጎን ለጎን የሚጠቀም ቺፕሴት አሳየ። ኢንቴልም በ2003 በ865 እና በ875 ቺፕሴቶቹ ተከተለ። አንድ ዲዲአር 400 በሰከንድ 3.2 ጊጋባይት ሲያቀብል ሁለቱ 6.4 ሆኑ። ያኔ የወጣው ፈጣኑ ፔንቲየም 4 የሚፈልገውም ልክ ይህንኑ ነበር።

ያ ዘመን የተወው ሕግ ዛሬም ይሠራል። መጀመሪያ ትውልዱ ይታይ፦ ዲዲአር 3 በ1.5 ቮልት፣ ዲዲአር 4 በ1.2፣ ዲዲአር 5 በ1.1 ይሠራሉ፤ የጥርሳቸው ክፍተትም ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ቀጥሎ ማዘርቦርዱ ብቻ ሳይሆን ፕሮሰሰሩ የሚፈቅደው ይታይ፤ የራም መቆጣጠሪያው ወደ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ከገባ ቆይቷልና። ከዚያ መጠናቸውና ፍጥነታቸው እኩል የሆነ ሁለት ራም ይመረጥ፤ ፍጥነታቸው ከተለያየ ሁለቱም በቀርፋፋው ልክ ይሄዳሉ። አራት ማስገቢያ ማለትም አራት መስመር ማለት አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ጥንዱ የሚሰካው ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር በሁለተኛውና በአራተኛው ላይ ነው።

ትርፉ ለሁሉም እኩል አይደለም። ደብዳቤ ለሚጽፍ ልዩነቱ እምብዛም ነው። የግራፊክስ ካርድ የሌለው ኮምፒውተር ላይ ምስልና ቪዲዮ ለሚሠራ ግን ጉልህ ነው፤ ምስሉ የሚሳለው ከዚያው ራም ላይ ነውና።

ይህ የባለሙያ ጨዋታ ብቻ አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ ለሚገባ ዕቃ ስህተት ውድ ነው። የመሥሪያ ቤት የግዢ ዝርዝር «8 ጊጋባይት ራም» ብሎ ካለፈ አቅራቢው አንድ ባለ 8 ሰክቶ ይሄዳል፤ «ሁለት ባለ 4» የሚሉ ቃላት ቢጨመሩ ያው መጠን በሁለት መስመር ይሠራ ነበር።

የሲዳማ አያንቶዎች ኮከብ ሳያዩ የፍቼን ቀን አይናገሩም። ራም የሚገዛም ማዘርቦርዱን ሳያይ ኪሱን አይክፈት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል፤ መጀመሪያ ግን የሚያብር ድር መሆን አለበት።