የዶናቴሎ ዮዲት፦ ውበት፣ ፍርሃትና ሥልጣን በፍሎረንስ አደባባይ

በመጽሐፈ ዮዲት መበለቲቱ የሐዘን ልብሷን አውልቃ፣ ሽቶ ተቀብታና አጊጣ ወደ ጠላት ሰፈር ትወርዳለች፤ የጦር አበጋዙን ሆሎፎርኒስን የጣለው ከሰይፏ በፊት መልኳ ነው። መጽሐፉን ከ81ዱ ቅዱሳት መጻሕፍት ለሚቆጥር የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ አንባቢ ታሪኩ እንግዳ አይደለም። እንግዳ የሚሆንበት ፍሎረንሳዊው ዶናቴሎ በ1460 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ገደማ በነሐስ ሲቀርጸው ውበቷን መሸፈኑ ነው። ዮዲት ራሷን ተከናንባለች፣ ልብሷም ከባድ ነው። ገላው ተራቁቶ ለዓይን የቀረበው ሰካራሙ አበጋዝ ነው።

ፀጉሩን ጨብጣ ቀና አድርጋ ይዛዋለች። አንገቱ ላይ ያለው ቁስል የመጀመሪያው ምት እንዳረፈ ያሳያል፤ ሰይፉ ለሁለተኛው ተነሥቷል። ፊቷ ላይ ግን ቁጣም ደስታም አይነበብም፤ የሚያስፈራውም ይኸው እርጋታዋ ይመስለኛል። የእጅ ሥራውም ጭካኔ አለው፦ ዶናቴሎ ለክንብንቡ እውነተኛ ጨርቅ በሰም ነክሮ ስለተጠቀመ፣ ግንባሯ አካባቢ የጨርቁ ድርና ማግ ነሐሱ ላይ ታትሞ ቀርቷል።

ሐውልቱ መጀመሪያ የቆመው በሜዲቺዎች ቤተ መንግሥት ነበር። ዘውድ ሳይደፉ ከተማዋን የሚገዙት እነዚህ ባለባንኮች ትዕቢት በትሕትና እጅ መቀላቱን የሚናገር ጽሑፍ አስጽፈውበት ነበር። ትሑቶቹ እነሱ መሆናቸው ነው! በ1494 ከከተማዋ ተባረሩ። በማግስቱ ዓመት ሪፐብሊኩ ሐውልቱን ወስዶ በመንግሥቱ ሕንፃ ደጃፍ አቆመው፤ ለሕዝብ ደኅንነት አርኣያ እንዲሆን ዜጎች እንዳቆሙትም አስቀረጸበት። ነሐሱ ያው ነሐስ ነው፤ ሆሎፎርኒስ ግን አሁን ሜዲቺ ሆኗል።

ሪፐብሊኩም ቢሆን ከዮዲት ጋር ብዙ አልተስማማም። በጥር 1504 የማይክል አንጄሎ ዳዊት የት ይቁም ተብሎ ጉባኤ ሲጠራ፣ የከተማዋ አዋጅ ነጋሪ ፍራንቼስኮ ፊላሬቴ ዮዲትን የሞት ምልክት አላት። ሴት ወንድን ስትገድል መታየቷ አይገባም፤ የቆመችውም በክፉ ኮከብ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ነገር ሁሉ እየከፋ ሄዶ የፒሳ ከተማ ከእጃችን ወጥታለች ሲል ተከራከረ። ክርክሩን እንደ ተራ አጉል እምነት ማለፍ ስሕተት ነው። የአምባገነን መውደቅ ምሳሌ የነበረው ቅርጽ፣ ድል አድራጊዎቹ ወንዶች ትኩር ብለው ሲያዩት በእነሱም ላይ የተነሣ ሰይፍ ሆኖ ታያቸው። ቦታዋን ለዳዊት ለቀቀች።

ሜዲቺዎች ተመልሰው ሥልጣን ከያዙ በኋላ፣ መስፍኑ ቀዳማዊ ኮሲሞ በመንግሥቱ ሕንፃ ፊት ላለው ለዚያው አደባባይ፣ የግሪክ አፈ ታሪክ ጀግና የሆነውን ፐርሴዎስን በቀራጺው ቼሊኒ አሠራ። ሐውልቱ በ1554 ተመረቀ፦ ወንዱ ቆሟል፣ የገደላት የጭራቋ የሜዱሳ ሬሳ ከእግሩ ሥር ወድቋል፣ የተቆረጠው ራስም የሴት ነው።