ፊደል የተፈቀደለት፣ ጥያቄ የተከለከለው ወጣት



ከሲያትል በስተደቡብ በምትገኘው ፌደራል ዌይ፣ ቅዳሜ ማታ በኪራይ አዳራሽ ውስጥ እየተሰበሰብን በሱዳን፣ በሳዑዲ ዓረቢያና በስደተኛ ጣቢያዎች አልፈው የመጡ፣ ትምህርታቸው በየመንገዱ የተቋረጠባቸውን ወጣቶች እንግሊዝኛ እናስተምራለን፤ ለዜግነት ፈተናም እናዘጋጃለን። ስለ አሜሪካ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያ ማሻሻያ ባወሳንበት ምሽት አንድ ወጣት እጁን አውጥቶ፣ «አቤት ለማለት ፈቃድ የሚሰጠው የትኛው ቢሮ ነው?» ሲል ጠየቀን። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እኛ መሳቅ አልቻልንም፤ ጥያቄው የአገራችንን የጎልማሶች ትምህርት ታሪክ ጠቅልሎ ይዟልና።

ንጉሠ ነገሥቱ እ.ኤ.አ. በ1955 ማንበብ የማይችል ጎልማሳ ሁሉ ፊደል እንዲቆጥር አወጁ፤ የፊደል ሠራዊት የተባለው ማኅበርም ተከትሎ ተቋቋመ። ዋናው ምዕራፍ የተከፈተው ግን በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ነው። ደርግ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር አሰማራ። ዘማቾቹ በፊደል አላበቁም። በዚያው ዓመት በየካቲት የታወጀውን የመሬት አዋጅ ለገበሬው አስረዱ፤ ገበሬውን በማኅበር አደራጁ፤ ከባለርስቱና ከፖሊሱም ጋር ተጋፈጡ። መንግሥት የፈለገው አስተማሪ እንጂ አደራጅ አልነበረም። ብዙዎቹ ዘመቻውን ጥለው ወጡ፤ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ቀይ ሽብር የበላውም በአመዛኙ ይህንኑ የተማረ ትውልድ ነው።

ደሙ ሳይደርቅ፣ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። በሂደትም በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘ። ዘመቻውን ማጣጣል ግፍ ይሆናል። ስማቸውን በጣት አሻራ ይፈርሙ የነበሩ እናቶች ደብዳቤ ማንበብ የቻሉት በእርሱ ነው። ሆኖም ማታ ፊደል የሚቆጠርበት ቀበሌ፣ ከጥቂት ዓመት በፊት ወጣት የታሰረበትና የተገረፈበት ያው ቀበሌ ነበር። እዚያ የተቀመጠ ተማሪ ምን መጠየቅ እንደማይገባው ሳይነገረው ያውቃል። ብራዚላዊው ፓውሎ ፍሬሬም ድሆችን ከፊደል ጋር ስለ ኑሯቸው ማሰብ በማስተማሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ከተካሄደው መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ታስሮ ተሰድዷል።

ከደርግ ውድቀት በኋላስ? በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ዋዜማ የሲቪል ማኅበራት ስለ ምርጫና ስለ መብት ለሕዝቡ ማስተማር ችለው ነበር። በዚሁ ዘርፍ ከተሠማሩት መካከል ዳንኤል በቀለና ነፃነት ደምሴ ምርጫውን በተከተለው ቀውስ ታስረው፣ በታኅሣሥ 2000 ዓ.ም. ተፈረደባቸው። በዚያው በ2000 ዓ.ም. መንግሥት ብሔራዊ የጎልማሶች ትምህርት ስትራቴጂ አወጣ፤ በዓመቱ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 621፣ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብዓዊና ዴሞክራሲያዊ መብት ሥራ እንዳይሠማራ ከለከለ። በአጭሩ፣ ገበሬውን ስለ ማዳበሪያ እያነበበ እንዲማር ማድረግ ይቻላል፤ ስለ ድምፁ ማስተማር ግን ለአብዛኞቹ ድርጅቶች ተዘጋ። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተተካ። በእነዚያ አሥር ዓመታት ለአካለ መጠን የደረሰው ወጣት ግን ዛሬ በፊታችን ተቀምጧል።

እዚህ አገር የተለየ ነገር አለ። በዋሽንግተን ስቴት እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው አይቤስት የተባለው አሠራር የቋንቋና የሙያ መምህራንን በአንድ ክፍል ያጣምራል፤ ወጣቱ እንግሊዝኛው እስኪሟላ ድረስ ከሙያው አይታገድም። የዜግነት ፈተናውም፣ ከኦክቶበር 20 ቀን 2025 ጀምሮ ለሚያመለክቱ፣ ከ128 ጥያቄዎች 20 ተጠይቆ 12 መመለስን ይሻል። ቁጥሩን መሸምደድ ቀላል ነው። ከባዱ፣ መብቱ የራስ መሆኑን ማመን ነው።

በዚህ ረገድ እኛም ንጹሐን አይደለንም። ያው ወጣት በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የገንዘብ ሪፖርቱ ለምን እንዳልተነበበ ሲጠይቅ፣ «ገና ትናንት የመጣህ ልጅ» ብለን ያስቀመጥነው እኛው፣ በነጻ ፕሬስ ስም የተሰደድን ሰዎች ነን። ከዚያ ወዲህ ወደ ስብሰባው አልመጣም፤ ከቅዳሜው ክፍል ግን አልቀረም። ለሚቀጥለው ስብሰባ ሪፖርቱ በጽሑፍ ተዘጋጅቷል፤ ቃለ ጉባኤውን እርሱ እንዲይዝልንም ጠይቀነዋል። መልሱን እስካሁን አልሰጠንም።