እናቴ፣ ፍሪዘርና የላብራዶር በርሜል

የፋሲካ ማግስት ነበር። ከቅርጫ የደረሰንን መደብ እናቴ በሁለት ትልልቅ ፌስታል ጠቅጥቃ ፍሪዘር ውስጥ አስገባችው። ሐሳቧ ለሁለት ሳምንት ሥጋ ቤት ደጃፍ ላለመድረስ ነው። ሰኞ ማታ መብራት ጠፋ። ማክሰኞ አልመጣም፤ ረቡዕም አልመጣም፤ ሐሙስም እንደዚያው። አርብ ጠዋት ፍሪዘሩ ሲከፈት የወጣውን ሽታ አልነግራችሁም፤ ቁርስ እየበላችሁ የምታነቡ አትጠፉም። ለበዓል ተብላ ከስንት ነገር ላይ ተቀንሳ የተጠራቀመች ብር ናት እንግዲህ ቆሻሻ ገንዳ የገባችው። እናቴ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ምነው ቋንጣ ባደረግኩት!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይቺ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለች። ፍሪዘር ወጪ ይቀንሳል፣ ምግብ ከመጣል ያድናል ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። ለመሆኑ ይህን ነገር ማን ጀመረው? የጀመረው ሰው ቤትስ መብራት ይጠፋ ነበር ወይ? ብዬ ማንበብ ያዝኩ። መልሱ አሳቀኝ። ሰውየው ቤት የሚጠፋ መብራት ጭራሹኑ አልነበረም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ክላረንስ በርድስአይ ይባላል፤ በ1886 ኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን የተወለደ አሜሪካዊ ነው። በ1912 የቀበሮ ቆዳ ሊነግድ ዛሬ የካናዳ አካል ወደሆነችው ላብራዶር ሄደ። እዚያ ኢኑዊት የሚባሉት የአገሬው ሰዎች በረዶውን ሰርስረው ዓሣ ሲያጠምዱ ያያል። ዓሣው ከውኃ ብቅ ሲል፣ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ የሚወርደው ብርድ ከነንፋሱ ወዲያውኑ ድንጋይ ያደርገዋል። ከወራት በኋላ ሲቀልጥ ግን ጠዋት የተያዘ ይመስላል። በርድስአይ ዘዴውን እኔ ፈጠርኩት አላለም፤ ኢኑዊቶቹ ከጥንት ጀምሮ ሲሠሩበት የኖሩት እንደሆነ ራሱ ተናግሯል። የፈጠራ ባለቤትነቱን ወረቀት ያወጣው ግን እሱ ነው። መቼም ታሪክ እንዲህ ናት።

ቀጥሎ ሚስቱንና ጨቅላ ልጁን ይዞ ወደ ላብራዶር ተመለሰ። በዚያ ክረምት ትኩስ አትክልት የሚባል ነገር የለም። ታዲያ አባትየው ምን አደረገ? ጎመን በበርሜል ደርድሮ ውኃ እያፈሰሰበት ውጭ ብርዱ ላይ አቆመው። ጎመን ባስፈለገ ቁጥር ከበርሜሉ ፈልፍሎ ያወጣል። እኔ የቤት ፍሪዘር ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ በርሜል ነው ባይ ነኝ፤ ከፋብሪካው አይደለም።

እዚህ ላይ ትንሽ ሳይንስ ታገሱኝ፤ የእናቴ ፌስታል ጉዳይ ያለው እዚህ ነው። ምግብ ውስጥ ያለው ውኃ ቀስ ብሎ ሲረጋ ትልልቅ የበረዶ ቅንጣቶች ይሠራል። ቅንጣቶቹ የሥጋውን ወይም የአትክልቱን ሕዋስ ይቀዳድዱታል። ሲቀልጥ ውኃው ከነጣዕሙ ይፈስና የሚቀረው እንደ ተጨመቀ ስፖንጅ ያለ ነገር ነው። በፍጥነት ሲረጋ ግን ቅንጣቶቹ ደቃቅ ናቸው፤ ጉዳታቸውም ትንሽ ነው። በርድስአይ አገሩ ተመልሶ በ1920ዎቹ የሠራው መሣሪያም ይህንኑ የላብራዶር ብርድ በብረት የመተካት ሙከራ ነው፤ ምግቡን በጠፍጣፋ ፓኬት አድርጎ በሁለት እጅግ በቀዘቀዙ የብረት ሰሌዳዎች መካከል ይጫነዋል። ቁልፉ ቃል «ጠፍጣፋ» የሚለው ነው። አምስት ኪሎ ሥጋ በአንድ ፌስታል ተጠቅጥቆ ቤት ፍሪዘር ውስጥ ሲገባ መሐሉ እስኪረጋ አንድ ቀን አልፎም ይሄዳል። ሊበላ ሲፈለግ ደግሞ ለአንድ ምሳ ተብሎ አምስቱም ኪሎ ይቀልጣል። «የፍሪዘር ሥጋ ጣዕም የለውም» የምንለው ሰዎች፣ ጥፋቱ የፍሪዘሩ ሳይሆን የፌስታሉ ሊሆን ይችላል።

በርድስአይ በ1929 ድርጅቱን በ22 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። በመጋቢት 1930 ማሳቹሴትስ ውስጥ ስፕሪንግፊልድ በምትባል ከተማ፣ በ18 ሱቆች የበረዶ ምግብ ለሙከራ ቀረበ። ችግሩ ገዢው ወስዶ የት ያስቀምጠዋል? የዘመኑ የቤት ፍሪጅ በረዶ መሥሪያ የምታክል ጠባብ ክፍል ነው ያለችው። ገበሬው ቤት ደግሞ ፍሪጅም የለም። በ1930ዎቹ አጋማሽ ከአሥር የአሜሪካ የገጠር ቤቶች ዘጠኙ ገደማ ኤሌክትሪክ አልነበራቸውም።

እኔን የማረከኝ የዚህ ጊዜ መፍትሔ ነው። በየትንንሹ ከተማ አንድ ትልቅ የጋራ ማቀዝቀዣ ቤት ተከፈተ፤ ውስጡ በመሳቢያ የተሞላ ነው። ቤተሰቡ አንድ መሳቢያ በኪራይ ይይዛል፤ ቁልፉ ኪሱ ነው። ከብቱን ሲያርድ ሥጋውን ወደዚያ ይወስዳል። ባለሙያዎቹ ይበልቱታል፣ በልክ በልኩ ይጠቀልሉታል፣ በኃይለኛው ክፍል በፍጥነት ያረጉትና መሳቢያው ውስጥ ያስቀምጡለታል። እሱ በየሳምንቱ እየመጣ የሚበቃውን ይወስዳል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጃፓን በ1942 ማላያን ስትይዝ የቆርቆሮ ጥሬ ዕቃ ጠፋ፤ የታሸገ ምግብ በራሽን ሆነ፤ መሳቢያዎቹም ተፈላጊ ሆኑ። በ1940ዎቹ መጨረሻ የእነዚህ ቤቶች ቁጥር ከ10 ሺህ አልፎ ነበር። ልብ በሉ፤ ማሽኑ የጋራ ነው፣ ወጪው የጋራ ነው፣ ሥጋው ግን የየራስ ነው። ቅርጫ ማለት ይኸው አይደል? እኛ በሬውን ተጋራን፤ እነሱ በረዶውን ተጋሩ።

ከጦርነቱ በኋላ ኤሌክትሪኩ ገጠር ገባ፤ የቤት ፍሪዘር ረከሰ፤ መሳቢያዎቹም እየተዘጉ ሄዱ። የነገሩ መልክ የተቀየረው ያኔ ይመስለኛል። መሳቢያው ውስጥ ይገባ የነበረው የራስ ምርት ነው፤ እንዳይበላሽ። ፍሪዘሩ ውስጥ የሚገባው ግን እየቆየ ከሱቅ የተገዛ ሆነ። በ1950ዎቹ በአንድ ትሪ የተዘጋጀ የበረዶ እራት መጣ፤ የሱቁም ቅናሽ «ሁለት ውሰዱ» ማለት ጀመረ። መቆጠቢያው መግዣ ሆነ። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2024 ባወጣው ሪፖርት በ2022 ብቻ ዓለም 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ጥላለች፤ ከዚህ 60 በመቶው የተጣለው ከመኖሪያ ቤት ነው። ፍሪዘር ያለው ቤት አይጥልም ማለት አይቻልም። ታች ተቀብሮ፣ ምን እንደሆነ የማይታወቅ፣ በረዶ የለበሰ ጥቅልል የሌለበት ፍሪዘር ካያችሁ ንገሩኝ።

የእናቴን «ቋንጣ» የተረዳሁት ይሄኔ ነው። ቋንጣ የድሮ ሰው ፍሪዘር ስላልነበረው ያደረገው ነገር አድርጌ ነበር የማየው። ለካ ስሌቱ አንድ ነው። በርድስአይ ውኃውን አረጋው፤ እናቶቻችን ውኃውን አስወጡት። ተህዋስ ውኃ ካላገኘ አይራባም። ሥጋው የሚዘለዘለው ስስ ሆኖ ቶሎ እንዲደርቅ ነው፤ ጠፍጣፋው ፓኬትም ስስ የሆነው ቶሎ እንዲረጋ ነው። ጨውና በርበሬ ሲጨመር ደግሞ ጥበቃው ይጠናከራል። የተረፈ እንጀራ ድርቆሽ ሲሆንም ያው ነው። ልዩነቱ ቋንጣው ገመድ ላይ ሆኖ መብራት ኃይልን አይጠብቅም።

(የጥሬ ሥጋ ወዳጆች እንዳታኮርፉ አንድ ልጨምር፤ የበሬ ሥጋ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ቀዝቅዞ 10 ቀን ቢቆይ የኮሶ ትል እጭ ይሞታል። ባክቴሪያን ግን ብርድ ያስተኛዋል እንጂ አይገድለውም፤ ሲቀልጥ ይነቃል። እናም አሥር ቀን የቆየ ጥሬ ሥጋ የሚበላ ካለ እጁን ያውጣ።)

ዘንድሮ የመጣውን መደብ ከእናቴ ጋር ተቀምጠን ለሁለት ከፈልነው። ግማሹ ተዘለዘለ። ግማሹን ለአንድ ጊዜ ወጥ በሚበቃ ልክ፣ በትንንሽ ፌስታል እንደ መጽሐፍ ጠፍጣፋ አድርጌ፣ አየሩን አስወጥቼ፣ በማርከር ቀን ጻፍኩበት። ከጎኑ የተረፈ ቁሌት በሦስት ፌስታል ገባ። ሞልቶ ያልተከፈተ ፍሪዘር መብራት ቢጠፋ እስከ 48 ሰዓት፣ ግማሽ ከሆነ ወደ 24 ሰዓት ብርዱን እንደሚይዝ ስላነበብኩ፣ ባዶ ቦታውን ውኃ በሞሉ የሃይላንድ ፕላስቲኮች ሞላሁት፤ ላያቸው ላይ ለበረዶው መለጠጫ ትንሽ ጎደል አድርጌ። እናቴ ቆማ ስታየኝ ቆየችና፣

«ቀኑን ለማን ነው የምትጽፈው? እኔ መቼ እንደገባ አልረሳ» አለችኝ።

ዝም ብዬ ታች ቆፈርኩና ያለፈውን የገና በዓል ይሁን የመስቀልን የማይታወቅ አንድ ጥቅልል አወጣሁላት። አገላብጣ አየችው።

«ይሄ… ጉበት ሳይሆን አይቀርም» አለች።